የጅብ ጥላ፦ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በዛፍ ሥር የሚበቅለውን መርዛም እንጉዳይ ስለ መለየት

በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ክረምቱ መሬቱን ካራሰው በኋላ፣ በዛፍ ሥር፣ በሣር መካከልና በበሰበሰ ጉቶ ላይ በአንድ ሌሊት ብቅ የሚል፣ ሥጋው ልል፣ መልኩ ዣንጥላ የሚመስል ፍጥረት አለ። በትምህርት ቤትና በገበያ እንጉዳይ ይባላል፤ በባላገሩ አፍ ግን ስሙ የጅብ ጥላ ነው። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ርቀት የቃል ልዩነት ብቻ አይደለም። እንጉዳይ የሚለው ስም በዛሬው የከተማ አነጋገር ተገዝቶና ተጠብሶ የሚበላውን ነገር ያመለክታል፤ የጅብ ጥላ የሚለው ደግሞ ሰው እጁን የማይዘረጋበትን ነገር ያመለክታል። ከቦሌ እስከ የካ፣ ከገርጂ እስከ ኮተቤ በተዘረጋው የምሥራቅ አዲስ አበባ ክፍል እነዚህ ሁለት ስሞች፣ ከእነርሱም ጋር የገጠሩ ጥንቃቄና የከተማው አዲስ መብል፣ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የጅብ ጥላ የሚለው ስም የሚያስተምረው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሁሉንም ተወው የሚል ነው። ይህ ሕግ እስከ ተጠበቀ ድረስ መርዛሙን ከማይጎዳው መለየት አያስፈልግም። ሕጉ በላላ ጊዜ ግን፣ ሕዝቡ ዓይነቱን ከዓይነቱ የሚለይበት ሌላ ዕውቀት በእጁ ስለሌለ፣ አደጋው የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መርዛም እንጉዳይን የመለየት ጉዳይ የዕፀዋት ተመራማሪዎች ብቻ ሳይሆን የሕዝብን ልማድ የሚያጠኑም ሰዎች ጉዳይ ነው።

ሀ. ስለ ስሙ

በአማርኛ አንድ የታወቀ የእርሻ ወይም የቤት ነገር ስም፣ የአውሬ ስም ዘርፍ ሲሆንለት፣ ነገሩ የእኛን ይመስላል እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ትርጉም ያገኛል። የጅብ ሽንኩርት የሚባለው የዱር ተክል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ራሱ ሽንኩርት ይመስላል፣ ለወጥ ግን አይገባም። የጅብ ጥላም በዚሁ አኳኋን የተሰየመ ነው።

ጥላ የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ብርሃን ሲጋረድ በምድር ላይ የሚወድቀው ጥላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፀሐይና ከዝናብ መከለያው ነው። መከለያው በሙሉ ስሙ ጃንጥላ ይባላል፤ ጃን የሚለውም ቃል በጃንሆይና በጃንሜዳ እንደሚታየው ከንጉሥ ክብር ጋር የተያያዘ ነው። ጃንጥላ በንጉሥ ራስ ላይ ይዘረጋ ነበር፤ በጥምቀት በዓልም ታቦት ሲወጣ እስከ ዛሬ ይዘረጋል። ስለዚህ ሕዝቡ በዱር የበቀለውን ትንሽ ዣንጥላ ለጅብ መስጠቱ ነገሩን ከክብር ወገን አውጥቶ ከሌሊት ወገን ማኖሩ ነው። ጅብ በሌሊት የሚወጣ፣ ከቡዳ ጋር ስሙ የሚነሣ፣ ከቤት አጥር ውጭ ያለውን ዓለም የሚወክል አውሬ ነው። እንጉዳይም ሳይዘሩት በሌሊት ይወጣል፤ በጥቂት ቀንም ጠቁሮና ሸትቶ ይጠፋል። ሁለቱን ያገናኛቸው ይህ ጠባይ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

የስሙ ጥበብ ከዚህ ላይ ነው። መርዙን ሳይጠራ፣ ዓይነቱን ሳይዘረዝር፣ ልጅ ገና አፍ ሲፈታ የሚይዘው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የስሙ ጉድለትም ከዚያው ላይ ነው፤ ገዳዩንና ምንም የማይጎዳውን በአንድ ጥላ ሥር ያኖራቸዋልና።

ለ. ስለሚበሉትና ስለማይበሉት

ይህ ልማድ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ሁሉ ልማድ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ደን የሚኖሩት ማጃንግ የዱር እንጉዳይን ለይተው እየለቀሙ ይመገባሉ፤ የጃፓን ተወላጅ የሆኑት ተመራማሪ ኖቡኮ ቱኖ ስለዚሁ ልማድ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመንጌ ወረዳም ስለሚበሉትና ለመድኃኒት ስለሚውሉት እንጉዳዮች በዚህ ክፍለ ዘመን ጥናት ተደርጓል። በእነዚህ አገሮች ልጅ ከእናቱና ከታላላቆቹ ጋር ወደ ዱር እየሄደ የትኛው በየትኛው ጉቶ ላይ፣ በየትኛው ኩይሳ ሥር፣ በየትኛው ወር እንደሚወጣ በዓይንና በእጅ ይማራል። ከምስጥ ኩይሳ የሚወጣው፣ ሊቃውንት ተርሚቶማይሲስ የሚሉት ወገን በብዙ የአፍሪካ አገሮች እጅግ የተወደደ ምግብ ነው።

በደጋው ግን ነገሩ የተለየ ነው። ይህ ማለት በደጋው የሚበላ እንጉዳይ አይበቅልም ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዳዊት አባተ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ አጋሪከስ ካምፐስትሪስ የተባለው በአውሮፓ ከጥንት ጀምሮ የሚበላው የሜዳ እንጉዳይ በኢትዮጵያ ደጋ እንደሚገኝ አመልክተዋል። እንግዲህ ደጋው እንጉዳይን የተወው የሚበላ ስላጣ አይደለም። ሁሉንም መተው አንዱን ከሌላው ከመለየት ይልቅ ቀላልና አስተማማኝ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው ማለት ይቻላል።

ሐ. ስለ ዛፉና ስለ ሥሩ

ከመሬት በላይ የሚታየው የእንጉዳይ አካል ፍሬው ነው እንጂ ሁለንተናው አይደለም። ሁለንተናው በአፈርና በእንጨት ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይኖራል። ከዚህ ድር አንዳንዱ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት እየበላ ራሱን ችሎ ያድራል፤ አንዳንዱ ግን ከሕያው ዛፍ ሥር ጋር ተሻርኮ ይኖራል። ድሩ ከአፈር ውኃና ማዕድን ለዛፉ ያቀብላል፤ ዛፉም በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ለድሩ ያካፍላል።

ይህ ሽርክና በዋናው ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ድሩ ወደ ሥሩ ሕዋሳት ውስጥ ይገባል፤ የዚህ ዓይነቱ ድር ዣንጥላ መሳይ ፍሬ አያወጣም። በሁለተኛው ድሩ የሥሩን ጫፍ ከውጭ እንደ ካልሲ ያለብሰዋል፤ ከዚህም ወገን ብዙዎች በክረምት ትልልቅ እንጉዳዮችን ያወጣሉ። በመላው ዓለም ብዙ ሰው የገደለው አማኒታ ፋሎይደስና አብዛኞቹ ዘመዶቹ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ ተስማሚ ዛፍ በሌለበት አይኖሩም።

ተስፋዬ ውበትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደን የሚገኙ አገር በቀል ዛፎችን ሥር መርምረው፣ የሽርክናቸው ዓይነት የመጀመሪያው መሆኑን አስረድተዋል። የሐበሻ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ድሩን በሥራቸው ውስጥ የሚያኖሩ ዛፎች ናቸው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለባህል ጥናት ትልቅ ቁም ነገር አለው። የደጋው ሰው የጅብ ጥላን የሰየመበት አሮጌው ደን፣ የጽዱና የወይራው ደን፣ ለአማኒታ ፋሎይደስ ዓይነቱ መርዛም አጋር የሚሆን ሥር አልነበረውም ማለት ነው። ሕዝቡ ሁሉንም የመተው ሕጉን ያወጣውና የጠበቀው ከሁሉ የከፋው መርዛም ተስማሚ ዛፍ ባላገኘበት ደን ውስጥ ነበር።

የምሥራቅ አዲስ አበባ ደን ግን ያ አሮጌው ደን አይደለም። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶና የቤት እንጨት እጅግ በማነሱ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የመነጨው ዛፍ ገብቶ ተተከለ፤ ሕዝቡም ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ መዝግቦ ባሕር ዛፍ አለው። የየካና የኮተቤ ኮረብታዎች በዚህ ዛፍ ተሸፈኑ። ከዚያ ወዲያ ፓቱላና ሌሎችም የጥድ ዓይነቶች በኢትዮጵያ ደጋ ተተከሉ። ባሕር ዛፍና እነዚህ ጥዶች በሁለተኛው የሽርክና ዓይነት፣ ማለት ድሩ ከውጭ ሥሩን በሚያለብስበት አኳኋን፣ መኖር የሚችሉ ናቸው። የፈረንጅ ጽድ የሚባለው ግን፣ ምንም እንኳ እንግዳ ዛፍ ቢሆን፣ እንደ ሐበሻው ጽድ ከመጀመሪያው ወገን ነው። አሮጌው የዛፍ ወገን በብዛት የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ በየካ ሚካኤል አካባቢ የሚታዩት ጽዶችና ወይራዎች የዚህ ምስክር ናቸው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ሜዳው ወደ ከተማ ተለወጠ። የእርሻና የግጦሽ መሬት በነበረበት ላይ ቪላዎች፣ የተከረከመ ሣርና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የጌጥ ዛፎች ታዩ። በክረምት ብቻ ይረጥብ የነበረው መሬት በበጋም ውኃ ይጠጣ ጀመር።

እንግዳ ዛፍ ከእንግዳ ድር ጋር ሊመጣ እንደሚችል የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። የአማኒታ ፋሎይደስ ጥንታዊ አገር አውሮፓ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በካሊፎርኒያ ኦክ የተባለው የአውሮፓ ዛፍ ችግኝ ሲተከል በሥሩ አፈር ተጣብቆ ገብቷል፤ በካሊፎርኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ዛፉ ሲገባ ሕዝቡ ስም ያወጣለታል፤ በሥሩ የተጣበቀውን ድር ግን የሚያየው የለምና ስም አያገኝም። ባሕር ዛፍ የሚል ስም አለ፤ ከባሕር ዛፍ ጋር ለመጣው እንጉዳይ የተለየ የሕዝብ ስም የለም። እርሱም በአሮጌው ስም የጅብ ጥላ ተብሎ ይታለፋል።

መ. ስለ እውነተኛው መለያ

እንጉዳይን መለየት በአንድ ምልክት አይቻልም። ቢያንስ አራት ነገሮች በአንድነት መታየት አለባቸው፤ እነርሱም የበቀለበት ስፍራ፣ ከመሬት ውስጥ ያለው የእግሩ መጨረሻ፣ ከባርኔጣው ሥር ያሉት ገጾችና የሚረግፈው የብናኝ ቀለም ናቸው።

የበቀለበት ስፍራ ሲባል በየትኛው ዛፍ አጠገብ፣ በሣር ላይ ወይስ በእንጨት ላይ እንደ ሆነ ማስተዋል ነው። የእግሩ መጨረሻ የሚታየው ደግሞ እንጉዳዩ ሳይቀነጠስ ከነሥሩ በቢላዋ ተቆፍሮ ሲወጣ ነው። አማኒታ ፋሎይደስ በልጅነቱ እንደ እንቁላል በነጭ ስልቻ ተጠቅልሎ ይበቅላል፤ ሲያድግ ስልቻው ተቀድዶ በእግሩ ሥር ይቀራል። ይህ ዋናው የሞት ምልክት በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር፣ እንጉዳዩን ከእግሩ መካከል የሚቀነጥስ ሰው ምስክሩን በመሬት ትቶ ይሄዳል።

ገጾች የሚባሉት ከባርኔጣው በታች እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩት ስሶች ናቸው። ብናኙ ማለት በእነዚህ ገጾች ላይ የሚሠራው እጅግ የደቀቀ ዘር ነው። ቀለሙን ለማወቅ እግሩ ይቆረጥና ባርኔጣው ገጾቹ ወደ ታች ሆነው፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ብርጭቆ ተደፍቶበት ያድራል። በማግሥቱ የረገፈው ብናኝ በወረቀቱ ላይ ቀለሙን አትሞ ይገኛል። ወረቀቱ በሁለት ቀለም የሚሆነው ነጭ ብናኝ በነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው።

በእነዚህ ምልክቶች ሲመረመሩ ሩቅ ለሩቅ የሚመሳሰሉት ይለያያሉ። የሚበላው አጋሪከስ ካምፐስትሪስ በሜዳ ሣር ላይ ይበቅላል፤ ገጾቹ በልጅነቱ ሮዝ ሆነው ቆይተው ወደ ጥቁር ቡና ቀለም ይለወጣሉ፤ ብናኙም እንደዚሁ ነው፤ እግሩ ቀጭን ቀለበት ቢኖረውም ስልቻ የለውም። አማኒታ ፋሎይደስ ግን ባርኔጣው ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቀለሙ ወደ ቢጫነት የሚያደላ አረንጓዴ፣ አንዳንድ ጊዜም የገረጣ ነው፤ ገጾቹ እስከ መጨረሻው ነጭ ናቸው፤ በእግሩ ላይ ቀለበት፣ በሥሩ ስልቻ አለው፤ ብናኙ ነጭ ነው።

ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ የተባለው ሦስተኛው፣ በሞቃታማ አገሮች የተከረከመ ሣር ላይ በክብ ተሰልፎ የሚወጣ ትልቅና መልከ መልካም እንጉዳይ ነው። ባርኔጣው 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ቡናማ ቅርፊት አለው። ገጾቹ በልጅነት ነጭ ሆነው ቆይተው አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ብናኙም አረንጓዴ ነው። የበላውን ሰው በ1 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ በብርቱ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋልም። ገና ያልበሰለው ከሚበላ ዓይነት ጋር በቀላሉ ይሳሳታል። አጋሪከስ ዛንቶደርመስ የሚባለው ደግሞ የሚበላው የሜዳ እንጉዳይ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ የእግሩ ሥር ሲቆረጥ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ ሲበስልም እንደ ቀለም ወይም እንደ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይሸታል፤ ሆድንም ያውካል።

ይሁን እንጂ አገር በቀል ዛፍ ባለበት ስፍራ አደጋ የለም ማለት አይደለም። ከሌፒዮታና ከጋለሪና ወገን የሆኑ አንዳንድ ትናንሽ እንጉዳዮች የአማኒታ ፋሎይደስን ዓይነት መርዝ ይይዛሉ፤ እነዚህም የዛፍ ሽርክና አያስፈልጋቸውም፤ ስልቻም የላቸውም። ስለዚህ ስልቻ ማጣት ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

ሠ. ስለ ሐሰተኛው መለያ

በብዙ የዓለም አገሮች ሕዝብ ከአባቶቹ የወረሳቸው የመፈተኛ ዘዴዎች አሉ። መርዛም እንጉዳይ ሲቀቀል ብር ያጠቁራል፤ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ቢገባ ይጠቁራል፤ ትል የበላው ለሰው አይጎዳም፤ መርዛም ሁሉ ይመራል፤ በደንብ ከተቀቀለ መርዙ ይወጣል ይባላል። ከእነዚህ አንዱም እውነት አይደለም። አማኒቲን የሚባለው መርዝ ከብር ጋር አይዋሐድም፤ ቀንድ አውጣ ያለ ጉዳት ሊበላው ይችላል፤ ከሞት የተረፉ ሰዎች ጣዕሙ መልካም እንደ ነበረ ተናግረዋል፤ ማፍላትም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም።

እነዚህ ዘዴዎች ለምን እንደ ቆዩ ማስተዋል ይገባል። አብዛኛው የዱር እንጉዳይ ገዳይ ስላልሆነ፣ ሐሰተኛውን ፈተና የተጠቀመ ሰው ብዙ ጊዜ በደኅና ያድራል፤ ፈተናውም እንደ ተረጋገጠ ይቆጠራል። አንድ ቀን ሲሳሳት ግን ለሌላው የሚመሰክር ላይኖር ይችላል። የደጋው ሕዝብ ሁሉንም የመተው ሕግ ከእነዚህ ፈተናዎች የሚበልጠው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሕጉ በዕድል ላይ አልተመሠረተም።

ረ. ስለ መርዙ አሠራር

የአማኒታ ፋሎይደስ መርዝ የሰውን ሕዋሳት አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠሩ ይከለክላል፤ ይህንንም የሚያደርገው የዘር መልእክት የሚቀዳበትን፣ አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ ሁለት የተባለውን መሣሪያ በመያዝ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ጉበት ነው፤ ኩላሊትም ይከተላል። አንድ የበሰለ እንጉዳይ፣ ግማሹም እንኳ ቢሆን፣ አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል።

ሕመሙ ሦስት ደረጃ አለው። ከተበላ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም ምልክት አይታይም። ቀጥሎ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል። ከዚያም በኋላ ሕመምተኛው የተሻለው መስሎ ይታያል፤ ጉበቱ ግን በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይጠፋል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ አእምሮውም ይታወካል። በዚህ ምክንያት በማታ የበላ ሰው በማግሥቱ ሲታመም ምክንያቱን በቁርሱ ላይ ያሳብባል፤ በሁለተኛው ቀን ሲሻለውም ከሐኪም ቤት ይቀራል። ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ የጀመረ ሕመም ወዲያው ከጀመረው ይልቅ እጅግ የሚያስፈራ መሆኑን ማወቅ ሕይወት ያድናል፤ የተረፈውን እንጉዳይ ወይም ልጣጩን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድም እንዲሁ። የታወቀ ፍቱን ማርከሻ ስለሌለ ሐኪሞች በፈሳሽ፣ በከሰልና ጉበትን በሚጠብቁ መድኃኒቶች ይረዳሉ፤ በአንዳንድ አገርም የተጎዳው ጉበት በሌላ ይተካል።

ሰ. የተጓዘ ዕውቀት

ከዚህ በላይ ከተባለው ሁሉ ለከተማ ነዋሪ የሚበልጠው ቁም ነገር፣ የእንጉዳይ ዕውቀት የአገሩ ዕውቀት መሆኑ ነው። እስያ ውስጥ በሩዝ ገለባ ላይ የሚበቅለውና የሚበላው ቮልቫሪየላ በልጅነቱ እንደ አማኒታ ፋሎይደስ በስልቻ የተጠቀለለ ነው፤ ብናኙ ግን ሮዝ ነው። ከእስያ ወደ ሌላ አገር የሄዱ ሰዎች ይህንን በአሳባቸው ይዘው አማኒታውን እየለቀሙ የሞቱባቸው ጊዜያት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን አገር የገቡ ስደተኞች በዚሁ እንጉዳይ ስለ ተመረዙ የሐኖቨር የሕክምና ትምህርት ቤት በልዩ ልዩ ቋንቋ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በካሊፎርኒያ 14 ሰዎች ተመርዘዋል። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ዕውቀት የሌላቸው አልነበሩም፤ ዕውቀታቸው የሌላ ደን ዕውቀት ነበር።

ምሥራቅ አዲስ አበባም የዚህ ዓይነቱ መገናኛ ሆናለች። ከደቡብ ምዕራብ ደን እንጉዳይ እየለቀመ ያደገ፣ ከደጋ የጅብ ጥላን እየሸሸ ያደገ፣ ከእስያና ከአውሮፓ መጥቶ በቦሌ የተቀመጠ ሰው በአንድ ሠፈር ይኖራሉ። በቤት የሚመረተው እንጉዳይ ለጾም ምግብነት ስለ ተወደደ፣ ልጆች እንጉዳይን ከሥጋ ምትክ ጋር እንጂ ከጅብ ጋር አያያይዙትም። የሚመረተው ራሱ አያስፈራም፤ ከታወቀ ዘር በታወቀ አልጋ ላይ የበቀለ ነውና። የሚያስፈራው የቃሉ ሽግግር ነው። በገበያ እንጉዳይ የሚባለውን የለመደ ልጅ በየካ ባሕር ዛፍ ሥር ያገኘውንም እንጉዳይ ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙ ሲለወጥም ማስጠንቀቂያው አብሮ ይቀራል።

በጽሑፍ ረገድ ደግሞ ትልቅ ክፍተት አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ8 ክፍል ታትሟል፤ እንጉዳይን ግን አይጨምርም። ለጎረቤቶቻችን ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ፔግለር እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን ሰፊ ዝርዝር አሳትመዋል። ለምሥራቅ አዲስ አበባ የሚያስፈልገው ሥራ በተማሪ አቅም ሊጀመር የሚችል ነው። በክረምት የተገኘው እንጉዳይ ከነእግሩ ሥር ተቆፍሮ፣ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የብናኙ ቀለም ታትሞ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ከፍታ እንደ ተገኘ ተጽፎ፣ በአራት ኪሎ ለሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደር ወይም ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሊቀርብ ይችላል። በዚያው ጊዜ የሠፈሩ ሽማግሌዎች በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጠሩበት ስም፣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚሉት ቃል፣ ምክንያቱም ጭምር ቢመዘገብ፣ የዕፀዋቱና የሕዝቡ ጥናት በአንድ ገጽ ይገናኛሉ። ይህ ዝርዝር ተሟልቶ እስኪቀርብ ድረስ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ በዛፍ ሥርም ሆነ በሣር ላይ ለተገኘ የዱር እንጉዳይ ሁሉ የሚሠራው ሕግ በአሮጌው ስም ውስጥ ያለው ሕግ ነው።